ለካፌ ወይም ለሬስቶራንት የግድግዳ ጥቁር ሰሌዳ ስትመርጡ ከመጻፊያው ጀምሩ

ብዙ ሰው ሰሌዳ ሊገዛ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ፍሬሙን ነው። እንጨቱ ያምራል፣ ልኩም ከግድግዳው ጋር የሚሄድ ይመስላል፤ ተከፍሎ ይመጣል፣ ይሰቀላል። ጣጣው የሚጀምረው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። የትናንቱ ዋጋ ተጠርጎም ይታያል። በመስኮት የሚገባው ብርሃን የሜኑውን ግማሽ ይውጠዋል። ጠዋት ጠዋት የሚጽፈው ልጅ ወንበር ላይ ቆሞም የላይኛው መስመር ጋ አይደርስም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከስህተት ነው። በምሠራበት ካፌ የሰቀልነው የመጀመሪያው ሰሌዳ ቀለም የተቀባ እንጨት ነበር። በፈሳሽ ጠመኔ፣ በማርከሩ ማለቴ ነው፣ አሳምረን ጻፍንበት። ዋጋ ለመቀየር ስናጠፋው የድሮው ጽሑፍ ግራጫ ጥላ ሆኖ ቀረ። በእርጥብ ጨርቅ አሸነው፣ በሳሙና አሸነው፣ በመጨረሻ ቀለሙ ራሱ መነሳት ጀመረ። ሰሌዳው ግን ጥፋት አልነበረበትም። የተሠራው ለደረቅ ጠመኔ ነበር፣ ያንን ሳንጠይቅ የገዛነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ "የትኛው ሰሌዳ ይሻላል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሼ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ በምን ነው የምትጽፉበት? በየስንት ጊዜው ነው የምትቀይሩት? ማንስ ነው የሚጽፈው? እነዚህን ከመለሳችሁ ምርጫው ግማሽ በግማሽ አለቀ። ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት ያዙ፣ እንጀምር።

1. በጠመኔ ነው በማርከር?

ደረቅ ጠመኔ የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ወይም ከጂፕሰም ነው። ሁለቱም ለስላሳ ማዕድናት ናቸው። የሰሌዳው ገጽ ትንሽ ሻካራ ስለሆነ ጠመኔው ሲታሽበት ዱቄቱን ሞርዶ ያስቀረዋል፣ መስመር የምንለው ያ ዱቄት ነው። ስለዚህ ጠመኔ ትንሽ የሚሻክር ገጽ ይፈልጋል። በጣም የለሰለሰ ነገር ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጽፍም።

ማርከሩ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ውስጡ ያለው በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ነው። ስትጽፉበት ውሃው ይተንና ቀለሙ ስስ ሽፋን ሆኖ ይደርቃል። ገጹ ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ሽፋኑ ከላይ ይቀመጣል፣ እርጥብ ጨርቅ ያነሳዋል። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ካሉት ግን ቀለሙ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ጨርቁ ደግሞ እዚያ ውስጥ አይገባም። ያ ጥላ ከዚህ ነው የሚመጣው። በጉልበት አይለቅም፣ ብዙ ስታሹት ሰሌዳውን ትጎዱታላችሁ እንጂ።

አሁን ሥራችሁን አስቡ። የዕለቱን ምግብ በየጠዋቱ የምትቀይሩ ከሆነ፣ አንዳንዴም እኩለ ቀን ላይ ያለቀውን የምትሰርዙ ከሆነ፣ ደረቅ ጠመኔ ይሻላችኋል። በአንድ ጠረግ ይለቃል፣ የሚጽፈው ሰውም ሳይጨነቅ ያስተካክላል። ሜኑው ለወራት የማይነካ ከሆነ ማርከር ይሻላል፣ ምክንያቱም ሰው ትከሻው ቢነካው አይፋቅም፣ ቀለሙም ደምቆ ይታያል፣ አቧራም የለውም።

አቧራውን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ጠመኔ መርዝ አይደለም፣ ነገር ግን ከሰሌዳው በታች የተደረደሩ ኩባያዎች፣ የቡና መፍጫ ወይም ክፍት ምግብ ካለ ዱቄቱ ቀጥታ እዚያ ላይ ነው የሚወርደው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማርከር ብቻ።

ለብዙዎቹ ቤቶች የምመክረው ሁለት ሰሌዳ ነው። አንዱ ትልቅ፣ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ዋናው ሜኑ በማርከር የሚጻፍበት። ሌላው ትንሽ፣ ለደንበኛው ቅርብ፣ የዕለቱ ነገር በጠመኔ የሚጻፍበት። አንድ ሰሌዳ ሁለቱንም ሥራ ይሥራ ስትሉ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በደንብ አይሠራም።

2. ሰሌዳው ከምን ነው የተሠራው?

እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ገንዘባችሁ የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚህ ነው። ሻጩ ጋ ሁሉም "ጥቁር ሰሌዳ" ነው የሚባለው፣ ውስጡ ግን የተለያየ ነው።

በብዛት የምታገኙት ቀለም የተቀባ ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላልም ነው፣ 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ በካሬ ሜትር 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለደረቅ ጠመኔ ጥሩ ነው። ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ ቀለሙ በመጥረግ ብዛት ይሳሳል፣ ስለዚህ በየጊዜው እንደገና መቀባት አለበት። ሁለተኛ፣ ኤምዲኤፍ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ስለሆነ በጠርዙ በኩል ውሃ ከገባው ያብጣል፣ ያበጠ ኤምዲኤፍ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ከገዛችሁ ጠርዙ ዙሪያውን የታሸገ መሆኑን ማየት አለባችሁ፣ በተለይ የታችኛው ጠርዝ፣ ምክንያቱም ስትጠርጉ ውሃው የሚወርደው ወደዚያ ነው።

ቀጥሎ ኢናሜል የተቀባ ብረት አለ። ይህ ተራ ቀለም አይደለም። የመስታወት ዱቄት ብረቱ ላይ ይደረግና 800 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ቀልጦ ከብረቱ ጋር አንድ ይሆናል። የኢናሜል ኩባያና ሳህን የሚሠራበት ዘዴ ነው። ቀዳዳ የለውም፣ አይጫርም ለማለት ይቻላል፣ ማግኔት ይይዛል። ደብዘዝ ተደርጎ የተሠራው ዓይነት ጠመኔም ማርከርም ይቀበላል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ጥግ ጥጉ ነው። ሲሸከሙት መሬት ላይ ከጣሉት ኢናሜሉ ይላጥና ከሥሩ ያለው ብረት መዛግ ይጀምራል። በየቀኑ የሚሠራበት ቤት ካላችሁና ገንዘቡ ካለ እኔ ሌላ ሳላይ ይህንን ነው የምመርጠው። መጀመሪያ ውድ ይመስላል፣ ግን በየዓመቱ አትቀቡትም።

የተፈጥሮ ጥቁር ድንጋይ ሰሌዳ ደግሞ አለ፣ የጥንቱ። ጠመኔ እንደሱ የሚቀመጥበት ነገር የለም። ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ ጽሑፉ ለስለስ ብሎ ይወጣል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ግን ክብደቱ! 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር 27 ኪሎ አካባቢ ነው። ግድግዳችሁ ይሸከመዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በፊት ይመጣል። ማርከርን በተመለከተ ደግሞ ድንጋይ እንደ ድንጋዩ ስለሆነ ሳትሞክሩ አትጻፉበት።

ከጀርባው ጥቁር የተቀባ መስታወት ዘመናዊ ይመስላል፣ ለማጽዳትም እንደሱ ቀላል የለም። ግን የሚሆነው ለማርከር ብቻ ነው። አምፖልና መስኮት እንደ መስታወት ያሳያል፣ መስታወት ነዋ። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ በካሬ 15 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ሰው ከሥሩ የሚቀመጥ ወይም የሚያልፍ ከሆነ በሙቀት የተጠናከረውን ብቻ ግዙ። ያኛው ቢሰበር እንኳ ደቃቅ ሆኖ ይበተናል እንጂ እንደ ቢላዋ የተሳለ ትልቅ ስባሪ አይጥልም።

ፎርማይካ የተለጠፈበት ሰሌዳ በመሃል ያለ ነው። ለማርከር ይሆናል፣ ለጠመኔ ግን እንደ ልስላሴው ይወሰናል። የሚለጠፈው የፕላስቲክ ወረቀት ለጊዜያዊ ነገር፣ ለአንድ ዝግጅት ለምሳሌ፣ ይበቃል። ግድግዳው ትንሽ ሻካራ ከሆነ ግን እያንዳንዱ እብጠት ይወጣበታል።

3. ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት

ኪሳችሁ ውስጥ አንድ ጠመኔ፣ አንድ ማርከርና ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩን አስፈቅዱና ጥግ ላይ ጻፉ። ጠመኔው ሳይንሸራተት፣ መስመሩም ሳይቆራረጥ ከወጣ ጥሩ ነው። በእጃችሁ ጥረጉት።

የማርከሩ ፈተና ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው የጻፋችሁትን ወዲያው ብታጠፉ ሁሉም ሰሌዳ ያልፋል፣ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ነው። ስለዚህ ከተቻለ የሰሌዳውን ቁራጭ ናሙና ጠይቁ፣ ቤት ወስዳችሁ ጻፉበትና አሳድሩት። በማግስቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ምንም ካልቀረ ግዙት። ናሙና ከሌለ አንዲት ጠብታ ውሃ አኑሩበትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ቆማ ከቀረች ገጹ ውሃ አያስገባም፣ ከተሰራጨችና ሥሯ ከጠቆረ ግን ውሃ ያስገባል ማለት ነው። ማርከሩም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። በውሃ ይለቃል የሚል ካልተጻፈበት አትመኑት፣ ለውጭ ማስታወቂያ የሚሠሩት አንዳንዶቹ በውሃ ብቻ አይለቁም።

የስልካችሁን መብራት አብሩና ከሰሌዳው ጎን አስጠግታችሁ በገጹ ላይ እንዲንሸራተት አድርጉት። ፊት ለፊት ሲያዩት የማይታይ እብጠት፣ የብሩሽ መስመርና ጭረት ሁሉ ጥላ እየጣለ ይወጣል። ከዚያ ሰሌዳውን አዙሩ። ጀርባው ክፍት ነው? ማንጠልጠያው የተያዘው ፍሬሙ ላይ ነው ወይስ ሰሌዳው ላይ? ፍሬሙ በሙጫ ብቻ የተያያዘ ከሆነና ማንጠልጠያው ፍሬሙ ላይ ከሆነ አንድ ቀን ፍሬሙ ግድግዳው ላይ ይቀርና ሰሌዳው ይወርዳል።

4. ልኩን ከፊደሉ አስሉ

"ግድግዳው ሁለት ሜትር ነው፣ ሁለት ሜትር ሰሌዳ ስጠኝ" ብሎ መግዛት አይሠራም። ስሌቱ የሚጀምረው ሩቅ ከቆመው ደንበኛ ዓይን ነው።

የማስታወቂያ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ልክ አለ፦ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል። ሰልፉ የሚጀምረው ከሰሌዳው 4 ሜትር ላይ ከሆነ ከ3.3 ሳንቲ ሜትር በላይ ያስፈልጋል። ይህ ልክ የተለመደው ለላቲን ፊደል ነው፣ ለኛ ፊደል ግን ጨመር አድርጉበት እላለሁ። ምክንያቱም በኛ ፊደል "በ" እና "ቡ" ወይም "ቢ" የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥል ነው። ፊደሉ ሲያንስ ወይም ማርከሩ ሲወፍር መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ቅጥል ናት። ስለዚህ ለ4 ሜትር 4 ሳንቲ ሜትር አድርጉት።

አሁን ቁጠሩ። 14 ዓይነት ነገር ትሸጣላችሁ እንበል። ፊደሉ 4 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመሮች መሃል 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ አንዱ መስመር 7 ሳንቲ ሜትር ወሰደ። 14 ጊዜ 7 ያው 98 ነው። ለርዕሱ 14፣ ከላይና ከታች ለትንፋሽ 10 ጨምሩ። 122 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሆነ። ወርዱን ደግሞ ከረጅሙ ስም አውጡት። 14 ፊደል ያለው ስም፣ አንዱ ፊደል ከነክፍተቱ 4 ሳንቲ ሜትር ቢወስድ 56 ነው። ከስሙ እስከ ዋጋው 10፣ ለዋጋው 12፣ አምዱ 78 ሆነ። የግራና የቀኝ ጠርዝ ሲጨመር 88።

ጥሩ፣ ግን ቁመቱን ልብ በሉ። ሰሌዳው ከባንኮኒው ጀርባ የሚሰቀል ከሆነ የሠራተኛው ጭንቅላት እንዳይሸፍነው የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 2 ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። 2 ሜትር ላይ 122 ሲጨመር 3.22 ሜትር ነው። ኮርኒሱን ነክቷል፣ ለመጻፍም መሰላል ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ወደ ጎን ዘርጉት። በሁለት አምድ፣ በየአምዱ 7 መስመር ብታደርጉት ቁመቱ 49 ሲደመር 14 ሲደመር 10፣ ማለትም 73 ይሆናል። ወርዱ ሁለት ጊዜ 78፣ በመሃል 12፣ በጠርዝ 10፣ በጠቅላላው 178። 75 በ180 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ይበቃችኋል። ያው ሜኑ፣ ያው ፊደል፣ ግን የሚደረስበት ሰሌዳ።

ስሌቱ ሲያልቅ በልኩ ካርቶን ቆርጣችሁ ወይም ወረቀት ቀጣጥላችሁ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ጥቂት መስመር በትክክለኛው ቁመት ጻፉበት። አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። በሩ ጋ ቁሙና አንብቡት፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው አስነብቡት። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ከስንት ጸጸት እንደሚያድን ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ልጨምር። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል የለንም። ስለዚህ ርዕስን ከዝርዝር የምትለዩት በመጠን፣ በቀለም ወይም በሥሩ በሚሰመር መስመር ብቻ ነው። ለዚህ ነው ለርዕሱ ሁለት እጥፍ ቦታ የተውኩት። ማርከር ስትገዙም ሰፊ ጫፍ ያለውን ለርዕስ ብቻ ያዙት፣ ለዝርዝሩ ቀጠን ያለውን። ቀለምን በተመለከተ ነጭና ቢጫ ጥቁር ላይ ከሩቅ ይነበባሉ። ሰማያዊና ወይንጠጅ ቅርብ ሲሆኑ ያምራሉ፣ ከሩቅ ይሰወራሉ፣ ዋጋ አትጻፉባቸው።

5. የት ይሰቀል?

ብርሃኑን በቀን ሦስት ጊዜ እዩት፦ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና መብራት ሲበራ። ከመስኮት ፊት ለፊት ያለ ግድግዳ ለሰሌዳ መጥፎ ነው፣ ለመስታወት ሰሌዳ ደግሞ ከሁሉም የባሰ። ከመስኮቱ ጎን ያለው ግድግዳ ይሻላል። የራሱ መብራት ካደረጋችሁለት ከላይ በሰያፍ እንዲመታው አድርጉ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ተመልሶ ደንበኛው ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው።

ሰልፍ የሌለበት፣ ሰው ቀርቦ የሚያነበው ትንሹ ሰሌዳ መሃሉ ከመሬት 150 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለቆመ ሰው ዓይን ይመቻል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡ ደንበኞች ካሏችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ማንንም አይጎዳም።

ከቡና ማሽኑ እንፋሎት፣ ከመጥበሻና ከእቃ ማጠቢያ አርቁት። እንፋሎት ጠመኔውን ያርሰዋል፣ የእንጨቱን ጠርዝ ያሳብጣል። የዘይት ጭስ ደግሞ የማይታይ ቅባት ገጹ ላይ ይጥላል፣ ቅባት ያለበት ሰሌዳ ጠመኔ አይዝም። "ሰሌዳው ተበላሸ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ቅባት ነው። አስተናጋጆች ሳህን ይዘው የሚተላለፉበት ጠባብ መተላለፊያ ላይም ጠመኔ አይሁን፣ በአንድ ቀን ውስጥ ትከሻ ላይ ያልቃል።

6. ግድግዳውን ሳታውቁ አትብሱ

አንኳኩበት። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ኮንክሪት ወይም ጡብ ነው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጂፕሰም ቦርድ ነው። ብሎኬት በመሃል ነው፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነ መሰርሰሪያው በድንገት ወደ ውስጥ ይገባል።

ክብደቱን ከላይ ባገኘነው ልክ እንየው። 75 በ180 ማለት 1.35 ካሬ ሜትር ነው። ኤምዲኤፍ ከሆነ 9 ኪሎ ገደማ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት 20 ኪሎ። ባለ 1 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ 36 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ፍሬሙ ሳይጨመር። ሰው ሲጽፍበት ደግሞ ይጫነዋል፣ ይደገፍበታል፣ ስለዚህ ማንጠልጠያው የሰሌዳውን ክብደት ብቻ የሚችል ከሆነ አይበቃም። ቢያንስ እጥፉን ቻይ ይሁን።

ኮንክሪት ላይ ተገቢው ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው) እና ብሎን ይበቃል። ብሎኬት ላይ ውስጡ ገብቶ የሚከፈተውን ዓይነት ፊሸር ጠይቁ። ጂፕሰም ቦርድ ላይ ቦርዱን ብቻ አትመኑ፣ ከጀርባው ያለውን የብረት ወይም የእንጨት ቋሚ ፈልጉና እሱ ላይ ብሎኑን አስገቡ። ቋሚዎቹ ብዙውን ጊዜ በየ40 ወይም በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ነው የሚቆሙት፣ የያዛችሁት ማግኔት ብሎኖቹ ያሉበትን ቦታ ያሳያችኋል።

ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይም ወደ ታችም አትብሱ፣ ሽቦው ብዙ ጊዜ የሚሄደው በዚያ ነው። ከባንኮኒ ጀርባ የውሃ ቧንቧም ሊኖር ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ባለሙያ ጥሩ፣ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም።

ለትልቅ ሰሌዳ የምወደው አሰቃቀል አለ። አንድ ጣውላ በርዝመቱ 45 ዲግሪ በሰያፍ ለሁለት ይሰነጠቃል። አንደኛው ግድግዳው ላይ፣ ሌላኛው ሰሌዳው ጀርባ ላይ ይታሰራል፣ ሰያፎቹ እርስ በርስ ተናክሰው ይቀመጣሉ። ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል። ክብደቱ በጠቅላላው ርዝመት ይከፋፈላል፣ ለማጽዳት ወይም ቀለም ለማደስም ወደ ላይ አንስታችሁ ታወርዱታላችሁ። በውሃ ልክ ሳታረጋግጡ አታጥብቁ። ሰሌዳው በአንድ ጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው መስመር ሁሉ ጠማማ ይመስላል።

7. ግድግዳውን ራሱን ሰሌዳ ማድረግ ከፈለጋችሁ

የሰሌዳ ቀለም በጣም ትልቅ ስፋት ሲያስፈልግ ርካሹ መንገድ ነው፣ ግን ሥራው ዝግጅቱ ላይ ነው። ስንጥቁና ጉድጓዱ በስቱኮ ይሞላ፣ ይድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ይታሽ፣ አቧራው ይጠረግ፣ ቤዝ፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው፣ ይቀባ። ከዚያ የሰሌዳውን ቀለም በስፖንጅ ሮለር ስስ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቀቡ፣ አንዱን ወደ ታች፣ ቀጣዩን ወደ ጎን። አንድ ጊዜ ወፍራም መቀባት ሥራውን ያፋጠነ ይመስላል፣ ግን ይንጠባጠባል፣ ልስላሴም አይኖረውም።

ሲነኩት ደርቋል ማለት ጠንክሯል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የሰሌዳ ቀለሞች ከመጻፉ በፊት 3 ቀን ያህል መቆየት ይፈልጋሉ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡና ለመክፈቻ ቀን ስትዘጋጁ ያንን ቁጠሩ። ይህ ግድግዳ ለደረቅ ጠመኔ ነው። ማርከር ይዞ የመጣ ሠራተኛ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ የኛ ቤት ታሪክ እንዳይደገም።

8. ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊትና በኋላ

አዲስ የጠመኔ ሰሌዳ ላይ ዘላችሁ አትጻፉ። ጠመኔውን በጎኑ አጋድማችሁ ገጹን ሁሉ አልብሱት፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን። ከዚያ በደረቅ ዳስተር ወይም ጨርቅ ጥረጉት። ሰሌዳው ትንሽ ግራጫ ይሆናል፣ ያ ነው የሚፈለገው። ደቃቆቹ ቀዳዳዎች በዱቄት ይሞላሉ፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ጽሑፋችሁ እዚያ ገብቶ አይቀርም። ይህን ሳያደርጉ መጀመሪያ የጻፉት ቃል ለወራት ሲታይ አይቻለሁ። ለማርከር ብቻ የሚሆነው መስታወትና ኢናሜል ይህ አያስፈልገውም።

በየቀኑ በደረቅ፣ ሳምንት ሲሞላ በንጹህ ውሃ በረጠበ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በጠመኔ አትጻፉ፣ እርጥብ ላይ የተጻፈ ጠመኔ ደርቆ ይጣበቃል። ሰም ወይም ዘይት ያለበት የእንጨት ማጽጃ፣ የብረት ሽቦ፣ የሚቧጭር ዱቄት አይነካው። የዘይት ቅባት ከያዘው በጣም ጥቂት የእቃ ሳሙና ያለበት ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፣ ግን ሳሙናው ራሱ እንዳይቀር ደጋግማችሁ በንጹህ ውሃ አንሱት። ከዚያ የጠመኔ ሰሌዳ ከሆነ በጎን ጠመኔ ማልበሱን ድገሙት።

ማርከሮቹን አጋድማችሁ አስቀምጡ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ክዳናቸው ተዘግቶ ይነቅነቁ፣ ጫፋቸውን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ተጭናችሁ ቀለሙን አስወርዱ። ሰሌዳው ላይ ከተጫናችሁት ጠብታው ሜኑው ላይ ነው የሚወርደው።

የጽሑፉን መስመር ቀጥ ለማድረግ ከፍሬሙ ውስጠኛ ጎን፣ በግራም በቀኝም፣ በየ7 ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ የእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሲጻፍ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ክር ይወጠራል ወይም ማስኪንግ ቴፕ ይለጠፋል፣ ከዚያ ይነሳል። ሙሉውን ሰሌዳ ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ በስልክ ፎቶ አንሱት። ነገ የሚጽፈው ሌላ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፣ ፎቶውን አይቶ ስሙንም፣ ዋጋውንም፣ ቦታውንም እንዳለ ይመልሰዋል።